ማፍላት ብቻ አይበቃም



እኛ ባለታክሲዎች አፍልተን የያዝነው ውሃ ከመኪናችን አይለይም። የአገር ቤት ልማድ ነው፤ ጀርም ይገድላል። እዚህ ሎስ አንጀለስ ግን ጀርሙን አስቀድሞ የሚገድሉት በማጣሪያው ጣቢያ፣ በኦዞን ነው። ጣጣው ወዲህ ነው፦ ከሰሜን ካሊፎርኒያ የሚመጣው ውሃ ከባሕር የገባ ብሮማይድ አለበት። ኦዞን ሲያገኘው ብሮሜት ይሆናል (ትምህርት አቋርጠን ብንወጣም ይህን ያህል ኬሚስትሪ አልረሳንም)። ብሮሜት ካንሰር ያመጣል ተብሎ ስለሚጠረጠር ሕጉ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ያዛል። ማፍላት አያስወጣውም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይበረታል።

የሚቀነሰው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ነው፦ ውሃውን ትንሽ ወደ አሲድነት በማድረግ፣ ጥቂት አሞኒያ በመጨመር፣ ወይም ኦዞኑን ከፋፍሎ በመስጠት። ኦዞኑን ዝም ብሎ ማሳነስ ግን ክሎሪን የማይበግረውን ተውሳክ ያተርፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ሚልዋኪ ላይ 400,000 ያህል ሰው የታመመው በዚያው ተውሳክ ነው።

በየዓመቱ የሚወጣው የውሃ ጥራት ሪፖርት ላይ «ብሮሜት» የሚል መስመር አለ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።