ስለ ሞዴስ ጥራት ባልና ሚስት ይነጋገሩ



ዛሬ የማነጋግራችሁ በየቤቱ ስላለ፣ ግን በየቤቱ ስለማይወራ ነገር ነው፤ ስለ ወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ። ሁሉንም ዓይነት "ሞዴስ" እያልን የምንጠራው ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1920ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ለገበያ ባቀረበው ምርት ስም ነው። ከእርሱ ቀድሞ በ1920 ኮቴክስ ወጥቶ ነበር። ኮቴክስ የተሠራበት ከእንጨት የሚገኝ ጥጥ መሰል ነገር በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቁስል ማሸጊያ ነበር፤ ነርሶች ደም በደንብ እንደሚመጥ አይተው ለራሳቸው ተጠቀሙበት።

ሴቶች ግን ባለሱቁን መጠየቅ ያፍሩ ነበር። በ1928 የሞዴስ ማስታወቂያ ተቆርጦ የሚወጣ ወረቀት ይዞ ወጣ፤ ገዢዋ ወረቀቱን ሰጥታ ቃል ሳትተነፍስ ዕቃውን ትወስዳለች።

ዝምታ ለመግዛት ይበቃ ይሆናል፤ ጥራትን ለማወቅ ግን አይበቃም። በ1980 በአሜሪካ የደረሰውን እንመልከት። ታምፖን በብልት ውስጥ የሚገባ መጠበቂያ ነው። ሪላይ የተባለው ታምፖን ብዙ ፈሳሽ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነበር። ታምፖን የሚጠቀሙ ጤነኛ ወጣት ሴቶች በድንገት በከፍተኛ ትኩሳት፣ በትውከት፣ በተቅማጥና በቆዳ መቅላት ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። መንስኤው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ሲሆን፣ የመምጠጥ ኃይላቸው ከፍተኛ የሆነ ታምፖኖች አደጋውን እንደሚጨምሩ ታወቀ። ሪላይ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ከገበያ ወጣ። ከ1990 ጀምሮም በአሜሪካ የታምፖን የመምጠጥ ኃይል በአንድ ወጥ መለኪያ በማሸጊያው ላይ እንዲገለጽ ግዴታ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ብዙ መያዝ ብቻውን ጥራት አለመሆኑን ነው። ስለዚህ፦

- ታምፖን ከ8 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የመምጠጥ ኃይሉም ከሚያስፈልገው በላይ አይሁን።
- ሞዴስ ባይሞላም በየጥቂት ሰዓቱ ይለወጥ።
- ጨርቅ የምትጠቀሙ በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ከሰው ዓይን ለመሰወር ብላችሁ እርጥቡን አትደብቁት።
- ታምፖን ያደረገች ሴት ከላይ የተገለጹት ምልክቶች ከታዩባት ወዲያው አውጥታ ወደ ሐኪም ትሂድ።

ወንድሞቼ፣ እናንተስ? ሞዴስ ከአስቤዛው ጋር ይታሰብ። ሚስት ገንዘብ ለመጠየቅ አፍራ አንዱን ቀኑን ሙሉ እንዳትጠቀም፣ ባል ራሱ ቢገዛው ነውር የለውም። ያልገባችሁን የክሊኒኩን ነርስ ጠይቁ።