የሌዘር ብርሃንና የቀይ ድንጋያችን ገጽ
(ለዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የተሰማ ንግግር)



ለቅሶ በተቀመጥንበት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በቤተ ጊዮርጊስ ላይ የተለጠፈውን ግራጫና ቢጫ ሽበት እንደ ውጭ አገሩ በሌዘር ለምን አያነሡልንም?» የሚል ነው። ሌዘር ስንል የጃኬቱን ቆዳ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው፣ ሳይበተን የሚሄድ ኃይለኛ ብርሃን ነው።

ለማጽዳት የሚያገለግለው ሌዘር እየተቆራረጠ ነው የሚመታው። ሴኮንዱ አንድ ቢሊዮን ቦታ ቢከፈል፣ አንዱ ምት የሚቆየው ከክፍልፋዩ ጥቂቱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ የላዩ ስስ ቆዳ ይቀልጣል፣ ይተናል፣ ብን ብሎ ይነሣል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኢጣልያ፣ በቬኒስ ከተማ፣ በድንጋይ ቅርጾች ላይ ሲሞከር ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ጥቁሩ ጥላሸት ብርሃኑን ጠጥቶ ይነሣል፤ ነጩ እብነ በረድ ግን ብርሃኑን ስለሚመልስ እምብዛም ሳይነካ ይቀራል። ብልሃቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

የኛ ድንጋይ ነጭ አይደለማ! ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ የሲሊካ፣ የአሉሚኒየምና የብረት ኦክሳይድ ያለበት ነው፤ ቅላቱም ከብረቱ ዝገት የመጣ ነው። እንግዲህ ሽበቱ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩም ብርሃኑን ይጠጣል። ሽበቱ ደግሞ ክሩን ወደ ድንጋዩ ቀዳዳ ስለሚሰድ ላዩን ብቻ ማንሣት አይበቃም።

ኦክሳይድ በሌዘር ሲመታ የሚሆነው በቤተ ሙከራ በደንብ ታይቷል። እንደ ሸክላ በእሳት የጠነከረ የኦክሳይድ ጠፍጣፋ እየመቱ፣ የሚነሣውን ትነት በሌላ ነገር ላይ በስሱ ይለብጡበታል። የተመታው ገጽ ግን እንደነበረ አይገኝም። ቀልጦ ሲረጋ እንደ ብርጭቆ ያብለጨልጫል፣ ይሰነጣጠቃል፤ በተደጋጋሚ ሲመታም ብርሃኑ ወደ መጣበት ያዘነበሉ ጥቃቅን ሾጣጣዎች ያወጣል። ኦክስጅን የጎደለበት ቦታ ቀለሙን ይለውጣል፤ ቀዩ የብረት ኦክሳይድ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ባለሙያዎቹ አንድ ቦታ እንዳይቦረቦር ጠፍጣፋውን እያሽከረከሩ ይመቱታል፣ ሲሻክርም በብርጭቆ ወረቀት ይልጉታል። የቤተ ጊዮርጊስን ግድግዳ ማን ያሽከረክረዋል? ማንስ በብርጭቆ ወረቀት ይልገዋል?

ከዚህ ቀደም የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አብያተ ክርስቲያናቱን የለኩበት ሌዘር ሌላ ነው፤ ደካማ ስለሆነ ድንጋዩን አይነካም።

ስለዚህ ለማጽዳት የሚመጣ ባለሙያ ቢኖር፣ አስቀድሞ ከገደሉ በወደቀ ፍርፋሪ ላይ፣ ከአነስተኛው ምት ጀምሮ ይሞክርልን እንላለን። ፍርፋሪውም ደጅ ተቀምጦ አንድ ክረምት ይለፈው፤ ቀለሙን በመስከረም አብረን እናየዋለን።