የአሠራር ለውጥ መቼ ነው የሚሠራው?
(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



ስለ አዲስ መድኃኒት ወይም ስለ አዲስ መሣሪያ እንደማወራ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ የማወራው ስለ አሠራር ነው። ታካሚ ከእጃችን የሚያመልጠው በሽታው ስላልታወቀ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ደም የሚያመጣ ሰው ስለጠፋ፣ ካርድ ክፍሉ ሰልፍ ስለበዛበት፣ መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ እያለ ፋርማሲው «የለም» ስላለም ያመልጠናል።

የለውጥ ፕሮግራም አልጎደለብንም። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ ተከተለ፣ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ የልማት ሠራዊቱና አንድ ለአምስቱም ነበሩ። ሁሉም ሲመጡ ሥልጠና አለ፣ አበል አለ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሠንጠረዥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ስም ይመጣል። ሠራተኛው «ይሄም ያልፋል» ማለት ቢለምድ አይፈረድበትም። ግን «ለውጥ አይሠራም» ብሎ መደምደምም ልክ አይደለም፤ የሠሩ አሉና።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን እንይ። በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አዲስ ሕክምና ይዞ አልመጣም። የለወጠው ሥራውን ማን፣ የት እንደሚሠራው ነው። ከአካባቢው የተመለመሉ ሴቶች ለአንድ ዓመት ያህል ሠልጥነው፣ የመንግሥት ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። አገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነሱን ግብ ከቀነ ገደቡ ቀድማ ስታሳካ የነሱ ድርሻ ቀላል አልነበረም። ብቻቸውን አደረጉት አልልም፤ መንገዱም፣ ክትባቱም፣ ትምህርቱም አለበት።

ሆስፒታሎቻችን ጋ ስንመጣ፣ በ1998 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር የሆስፒታል አስተዳደር ማሻሻያ ጀመረ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም በሙያው የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። በ2002 ደግሞ የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ወጣ። ከመመሪያው እኩል ዋጋ የነበረው ግን በጤና ፋይናንስ ማሻሻያው የተሰጠው ሥልጣን ነው፦ ሆስፒታሉ የሰበሰበውን ገቢ ለግምጃ ቤት ፈሰስ ማድረጉ ቀርቶ፣ በቦርዱ ውሳኔ ለራሱ አገልግሎት እንዲያውለው ተፈቀደ። ጓንት ሲያልቅ «በጀት አልተለቀቀም» ብሎ ከመቀመጥ መግዛት ተቻለ።

ሦስተኛው ምሳሌዬ ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተነሣው «አፕትስ» ነው። ቀድሞ በወር መጨረሻ የተሸጠው መድኃኒትና የገባው ገንዘብ ይመጣጠን እንደሆነ ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም ነበር። አፕትስ ሲመጣ እያንዳንዱ መድኃኒት በመጠንና በዋጋ ተመዝግቦ፣ መጋዘኑ፣ ማደያውና ካዝናው የሚመሳከሩበት ሥርዓት ተዘረጋ። የቱ መድኃኒት ሊያልቅ እንደሆነ፣ የቱ ጊዜው ሊያልፍበት እንደሆነ ታወቀ። ዋናው ነገር ደግሞ በሕግ ተደገፈ፤ ስለዚህ ሥራ አስኪያጅ በተቀየረ ቁጥር የሚፈርስ ነገር አልሆነም።

እነዚህን ምን ያመሳስላቸዋል? ሠራተኛው ራሱ ከሚያውቀው ችግር ተነሡ። ከኃላፊነቱ ጋር ገንዘቡን ወይም ሥልጣኑን ሰጡ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የወደቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ቁጥሩን ከዋርድ ሰብስበን ወደ ላይ እንልካለን፣ ተመልሶ ግን አይመጣም። ነርሷ ለሪፖርት የምትሞላው ቅጽ ለሷ ሥራ ምንም ካልፈየደ፣ አለቃዋን የሚያስደስተውን ቁጥር መጻፍ ትጀምራለች። ያኔ አፈጻጸማችን «98 ከመቶ» ይሆናል፣ ታካሚው ግን ኮሪደር ላይ ያድራል።

ካይዘን «አምስቱ ማዎች» የሚላቸው አሉ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። አራቱን በአንድ የዘመቻ ሳምንት እንጨርሳቸዋለን። የሚያቅተን አምስተኛው ነው። ማዝለቅ ዘመቻ አይፈልግም፤ በየሳምንቱ ያንኑ ቁጥር የሚያይ፣ ለምን ቀነሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። መምህሮቻችን፣ ኢንተርኖቻችን ከመመረቃቸው በፊት አንድ የአሠራር ችግር ለክተው፣ ለውጠው፣ መልሰው እንዲለኩ አድርጓቸው። ለምሳሌ ቀዶ ሕክምና ከተወሰነ አንስቶ ምላጩ እስኪያርፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ። ውጭ አገር ያላችሁ ጓደኞቻችን፣ መሣሪያ መላካችሁን እናመሰግናለን፤ መለዋወጫ የሌለው መሣሪያ ግን ጥግ ይዞ እንደሚቀር ታውቃላችሁ። በወር አንድ ሰዓት በስልክ ከአንድ ዋርድ ጋር ቁጥሩን አብሮ የሚያይ ሰው ብታዋጡን ደግሞ አብልጠን እናመሰግናለን። ለሚቀጥለው መገናኛችን አንዳንድ ቁጥር ይዘን እንምጣ። ያልተሻሻለም ቢሆን እውነተኛው ቁጥር ይሁን።