ቤት ሲከራይ የሕግ ምክር የሚያስፈልገው መቼ ነው?

(በሠፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው በእኛ ሠፈር ቤት ማከራየት የሀብታም ሥራ ብቻ አይደለም። ሰርቪሱን አከራይቶ ልጅ የሚያስተምር፣ በጡረታው ላይ የአንዲት ክፍል ኪራይ ጨምሮ ወሩን የሚገፋ ብዙ ሰው አለ። ለዓመታት ቆጥበን ኮንዶሚኒየም የገዛነውም ለማከራየት ብለን ነው። ታዲያ ኑሮአችን የተንጠለጠለበትን ቤት በቃል፣ ቢበዛ ደላላው ባመጣው ወረቀት እንሰጣለን። ጠበቃ ሲባል ክስ ብቻ ነው የሚታየን።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። የቤት ወረቀት ይዞ ቢሮ መግባት ለእነርሱ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ይገባናል።

ነገር ግን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። አንዲት እናታችን በጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ሲያከራዩ ውሉን እንድንጽፍላቸው ወደ እኛ መጡ። እኛም ሽማግሌዎች ነን ብለን በአንድ ገጽ ወረቀት፣ በሦስት ምስክር ጻፍን። ዘመኑ አንድ ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያው የስድስት ወር። እናታችን በገንዘቡ የቤታቸውን ቆርቆሮ አስቀየሩ። ዓመቱ ሲያልቅ ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ ክፍሎቹን ፈለጓቸው። ተከራዩ ጨዋ ሰው ነው፤ አንድም ቀን ኪራይ አላሳለፈም። «ሕጉ ሁለት ዓመት ነው የሚለው፤ ልጆቼም ትምህርት ላይ ናቸው» አለ። ተቆጣነው። «በሽማግሌ ፊት ፈርመህ!» ብለን የጮኽንበት እኛው ነን።

በኋላ ጠበቃ ዘንድ ስንሄድ እውነቱ ከተከራዩ ጋር ሆኖ ተገኘ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። ኪራይ መጨመርም ቢሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያስታውቀው መሠረት እንጂ አከራዩ እንደፈለገ አይደለም። የእኛ ወረቀት በጽሑፍ ከመሆኑ በቀር ከእነዚህ አንዱንም አላሟላም። ውል አለማስመዝገብ ደግሞ ቅጣት አለበት።

ጠበቃው ያሳየን መንገድ መስማማት ነበር። ተከራዩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለመልቀቅ በገዛ ፈቃዱ እሺ አለ፤ ምስጋናም ይግባው። ሙሽሮቹ እስከዚያ ሌላ ቤት ተከራዩ። ለዚያ የወጣው ብር ለአንድ ጊዜ ምክር ከሚከፈለው እጅግ የበለጠ ነው። ስድቡና ኩርፊያው ሳይቆጠር።

እንግዲህ ጠበቃ ዘንድ የሚኬደው ከመፈረም በፊት ነው ማለታችን ነው፤ በተለይ ቤቱ የአንድ ሰው ብቻ ካልሆነ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የባልና የሚስት የጋራ ቤት ሲከራይ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። «እሷ ምን ትላለች፣ ቤቱ በእኔ ስም ነው» የሚባለው አይሠራም። ካርታው በሟች አባት ስም የቀረ፣ ወራሾች ያልተከፋፈሉት ቤትም እንዲሁ ነው። ታላቅ ወንድም ብቻውን አከራይቶ ኪራዩን ሲበላ እኅቶች ዝም ያሉ ይመስላል እንጂ ነገሩ ይቆያል።

ልጆቻቸው አሜሪካ ወይም ዐረብ አገር ሆነው በውክልና ቤት የሚያስተዳድሩም አሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ማከራየት ይችላል፤ መሸጥ ግን ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ወረቀታችሁ ላይ የተጻፈውን አስነብቡ።

ተከራይ ያለበትን ቤት የምትገዙም ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ባለቤቱ ተለወጠ ተብሎ ተከራይ በማግስቱ አይወጣም፤ ሕጉ የማስታወቂያ ጊዜ ይሰጠዋል።

ከሁሉ የከፋው ንዴት ነው። ተከራይ አልከፍልም ቢል እንኳ ቁልፍ መቀየር፣ መብራትና ውኃ መቁረጥ፣ ዕቃ ደጅ ማውጣት ባለመብቱን ተከሳሽ ያደርገዋል። እጃችሁ ወደ ቁልፉ ሲሄድ ያን ጊዜ ወደ ጠበቃ ሂዱ።

ለፈሰሰ ቧንቧ፣ ለተላጠ ቀለም፣ ደመወዝ ዘግይቶ ኪራይ ለአንድ ሳምንት ላሳለፈ ሰው ግን ጠበቃ አያስፈልግም፤ ለዚህ ለዚህ እኛ ሽማግሌዎች እንበቃለን። ደላላ ጠበቃ አይደለም፤ ራፖር ጸሐፊም ጠበቃ አይደለም። ፈቃዱን አሳየኝ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች አሉ።

የአዋጁ ቅጂ በማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ይገኛል። ከዚህ በፊት እኛ የጻፍንላችሁ የኪራይ ውል ያላችሁ ሁሉ ወረቀቱን ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን፤ የተሳሳተውን አብረን እናስተካክላለን።