የሚጠግነው ማን ነው?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለው መንደራችን አንድ የእጅ ፓምፕ ተተክሎልን ነበር። ቀለበት የምታህል አንዲት ላስቲክ አልቃ ፓምፑ ቆመ። ላስቲኳን ለመለወጥ መፍቻ አልተተወልንም፤ መፍታትም የተማረ ሰው አልነበረም። እናቶቻችን እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ተመለሱ። ዛሬ ስለ አንድ ረቂቅ መኪና የምነግራችሁ ያንን ፓምፕ እያሰብሁ ነው።

ሊቃውንት ፀሐይ የምትነድበትን ኀይል በምድር ላይ ለማግኘት ይደክማሉ። ይኸውም ዲውቴሪየምና ትሪቲየም የተባሉት ሁለት የሃይድሮጅን ዓይነቶች ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሲግሉ ተዋሕደው ሂሊየም ይሆናሉ። ከሚወጣው ኀይል ከ5 እጅ 4ቱን ይዞ የሚሄደው ኒውትሮን የተባለው ቅንጣት ነው። ኒውትሮኑ የምድጃውን ግድግዳ መትቶ ያግላል፤ ሙቀቱንም በቧንቧ የሚዞር ማቀዝቀዣ፣ ለምሳሌ ውሃ፣ ይቀበላል። ነገር ግን ኒውትሮኑ ብረቱን ራሱን ጨረር አመንጪ ያደርገዋል። ስለዚህ ምድጃው ከጠፋ በኋላ እንኳ ሰው ገብቶ ሊሠራበት አይችልም። ታዲያ ቧንቧው ቢያፈስ ማን ይጠግነዋል?

መልሱ ከሩቅ የሚታዘዝ እጅ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በከለም፣ ጄት የተባለ ምድጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ዳይቨርተር የተባለውን የታች ክፍሉን ማንም ሰው ሳይገባ፣ ማስኮት በተባለ ባለሁለት ክንድ መሣሪያ ለወጡት። ሠራተኛው በሌላ ክፍል ተቀምጦ እጁን ሲያንቀሳቅስ የብረቱ እጅ ይከተለዋል፤ ብረቱን የከበደው ነገር ለሠራተኛውም እጅ ይሰማዋል። ጄት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሥራውን ፈጸመ፤ ትምህርቱ ግን አልቀረም።

ለወደፊቱ ምድጃ ደግሞ በቧንቧው ውስጥ የሚሄድ መሣሪያ እየተሞከረ ነው። በሌዘር ብርሃን አሮጌውን ከውስጥ ይቆርጣል፤ አዲሱን ከውስጥ ይበይዳል። ቧንቧዎቹ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ በውጭ በኩል መሣሪያ የሚዞርበት ስፍራ ጠባብ ነውና። ይህም የሚሆነው የሚቆረጥበት ቦታና መሣሪያው የሚገባበት በር ገና በንድፉ ላይ ከታሰበ ብቻ ነው። አባቶቻችንስ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይሉ የለምን?

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው አትበሉኝ። ነገ መሐንዲስ ሆነን ለአንድ መንደር ውሃ፣ ወፍጮ ወይም መብራት ስናስገባ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ሲሰበር ማን፣ በምን ይጠግነዋል?» የሚል ይሁን። መፍቻውን ሳንተው፣ አፈታቱንም ሳናስተምር አንመለስ።