ስለ አገር መልክ ፎቶግራፍ የተነገረ ንግግር



የዛሬው ንግግር የአገርን መልክ በፎቶግራፍ ስለ መመዝገብ ነው። ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ስሙም ለሥራው የተገባ ነው፤ ብራናን ያለ ቀለም መጻፍ እንደማይቻል ሁሉ፣ ፎቶግራፍንም ያለ ብርሃን ማንሣት አይቻልምና። እንግዲህ ይህ ጥበብ ጽሕፈት ከሆነ፣ ለጸሓፊ የሚገባው ጥንቃቄና እውነተኛነት ለፎቶግራፍ አንሺም ይገባዋል።

የሥራው ምሥጢር ለተማሪዎች ለማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። የአንድ ክፍል በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ብርሃን የሚያስገባው ስንጥቅ ሁሉ ከተደፈነ በኋላ፣ በመስኮቱ መዝጊያ ላይ እንደ አተር ፍሬ ያለች አንዲት ቀዳዳ ብትተው፣ በውጭ ያለው ዛፍና ቤት በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ተዘቅዝቆ ይታያል። ብርሃን በቀጥታ ስለሚሄድ፣ ከዛፉ ራስ የመጣው ጨረር በቀዳዳይቱ አልፎ ወደ ታች፣ ከሥሩ የመጣውም ወደ ላይ ይሆናል። ይህን ነገር በ11ኛው መቶ ዓመት የዐረብ ሊቅ ኢብን አል ሃይሰም መርምሮ ጽፎታል። በግድግዳው ላይ የታየው መልክ እንዳይጠፋ አድርጎ መያዝ የተቻለው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ በ1820ዎቹ ዓመታት፣ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ ከቤቱ መስኮት ሆኖ የግቢውን ጣራና ግንብ አነሣ፤ ይህም በካሜራ ከተነሡትና እስከ ዛሬ ከተረፉት ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ የዚህ ጥበብ ጅማሬ የሩቅ አገር ድንቅ ሳይሆን የሰውየው የገዛ ደጃፉ ነበረ።

በአገራችን ግን ነገሩ በተቃራኒው ሆነ፤ የኢትዮጵያን ተራራና መንገድ አስቀድመው ያነሡት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። በ1860 ዓ. ም. በናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ፣ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮች ዐብረው መጥተው ጦሩ ያለፈበትን አገር አንሥተዋል። ከዚያም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም በእርሱ እግር ተተክተው ሠሩ። እነዚህ ሰዎች ባይሠሩ ኖሮ ዛሬ ብዙ ነገር በጨለማ በቀረ ነበርና ምስጋና ይገባቸዋል።

የእነዚያ አሮጌ ፎቶግራፎች ጥቅም እስከ ምን እንደ ሆነ የሚያስረዳ አንድ ነገር አለ። የቤልጅግ አገር የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው፣ የመቅደላ ዘመቻ ፎቶግራፎች የተነሡበትን ስፍራ በሰሜን ኢትዮጵያ እየፈለጉ፣ ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው ስፍራ ቆመው ያንኑ ተራራ እንደ ገና አነሡት። ሁለቱንም ጐን ለጐን ባስተያዩ ጊዜ፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አገሩ ቀድሞ ደን ለብሶ በኋላ የተራቈተ ሆኖ አልተገኘም። ተራራው በዚያን ጊዜም የተራቈተ ነበረ፤ በብዙ ስፍራ ዛፉም፣ አፈር የሚጠብቀው እርከንም ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ በዝቶ ተገኘ። እርከን የሠራው ገበሬ ድካሙ ከንቱ አለመሆኑን የመሰከረለት፣ ስለ እርሱ ምንም የማያውቅ ወታደር ያነሣው ወረቀት ነው። ፎቶግራፍ ምስክር ነው መባሉም ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ምስክር የሚያስፈልገው ለተራራ ብቻ አይደለም፤ የከተማ መልክ ከተራራ ይልቅ ፈጥኖ ያልፋልና ለከተማ ሰፈር አብልጦ ያስፈልጋል። ለዚህ የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ምሳሌ ይሁን። የከተማይቱ ታላቅ ገበያ አስቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ፤ ኢጣልያኖች ከተማይቱን በያዙበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬውን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ አዛወሩት። መርካቶ የሚለው ስምም ከቋንቋቸው የቀረ ነው። በመርካቶ አካባቢ ሸቀጡ ሁሉ በየተራው ስለሚሸጥ ሰፈሩ በሸቀጡ ስም ይጠራል፤ አትክልት ተራም እንዲሁ የሽንኩርት፣ የቲማቲም፣ የጎመን፣ የድንችና የሙዝ ገበያ በመሆኑ ስሙን አገኘ።

ያን ገበያ ያየ ሰው አይረሳውም። ገና ሳይነጋ የጭነት መኪና ይገባል፤ ተሸካሚው ጆንያውን በጫንቃው አድርጎ መንገድ ልቀቁ እያለ ይሮጣል፤ ቸርቻሪዋ ቲማቲሙን እየመረጠች ታወጣለች፤ በክረምትም የጎመኑ ቅጠልና ጭቃው ተቀላቅሎ እግር ይይዛል። በ2012 ዓ. ም. ግን የኮሮና በሽታ በመግባቱ፣ ሰው ተጨናንቆ እንዳይጠቃ ሲባል ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ታቦታት ለጥምቀት የሚያድሩበት ሜዳ ለወራት የሽንኩርት ገበያ ሆነ። በ2013 ዓ. ም. ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ በከተማይቱ ደቡብ ወደ ኀይሌ ጋርመንት ሰፈር ሄደ። በቀድሞው ስፍራ ስሙ ብቻ በሰው አፍ ቀረ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሕፃን፣ አትክልት የማይሸጥበት ስፍራ ስለ ምን አትክልት ተራ ተባለ ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? በዚያ ገበያ ብዙ ሰው በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቷል። ነገር ግን ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ፎቶግራፉ ዐብሮ ጠፋ፤ የተረፈውም ቢሆን የትኛው ማእዘን፣ በየትኛው ወር እንደ ተነሣ የተጻፈበት ጥቂት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለፎቶግራፍም ይሠራል፤ ጽሑፍ የሌለው ፎቶግራፍ አንደበት እንደሌለው ምስክር ነውና።

ደግሞም አትክልት ተራ ለመንገደኛ ፎቶግራፍ አንሺ እንደ አገር ካርታ ነበረ። የሙዙን መንገድ ወደ ኋላ ተከትሎ የሄደ ሰው ከአባያና ከጫሞ ሐይቅ በላይ ወደ ተቀመጠችው ወደ አርባ ምንጭ ይደርሳል፤ ቲማቲሙን የተከተለ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ይወርዳል። የሸዋ ሮቢትን ሽንኩርት የተከተለ ደግሞ በደብረ ብርሃን ብርድ አልፎ፣ በጣርማ በር ዋሻ ገብቶ፣ ከደብረ ሲና ቍልቍለት በታች ቈላውን ያገኛል። በአንድ ቀን መንገድ ደጋውንና ቈላውን፣ ገብሱንና ማሽላውን ያያል። የአገርን መልክ ለማንሣት ሩቅ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ለምሳ የቀረበው ሽንኩርት ከወዴት እንደ መጣ መጠየቅ ይበቃል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ቃል ይነገር። የአገርን መልክ ለማንሣት የሚሻለው ጊዜ ጧት ፀሓይ ከወጣች እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። በቀትር ፀሓይ በራስ ላይ ስለምትሆን ጥላ ያጥራል፤ ተራራውና ሸለቆውም ተለይተው አይታዩም። ከወራትም መስከረምና ጥቅምት ይመረጣሉ፤ ዝናሙ አየሩን አጥቦት እንጦጦና የረር፣ ዝቋላም ከሩቅ ጠርተው ይታያሉና። የበጋው አቧራ ግን ሩቁን ይሸፍነዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጽሑፉ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ላይ የስፍራው ስም፣ አንሺው የቆመበት ቦታ፣ ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫ፣ ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ይጻፍ። ጢስ ዓባይ በነሐሴና ጢስ ዓባይ በሚያዝያ አንድ አይደለም፤ በክረምት ውኃው ይሞላል፤ በበጋ ግን ያንሳል፣ ከእርሱም ብዙው ለኤሌክትሪክ ኀይል ይጠለፋል። ወሩ ያልተጻፈበት የጢስ ዓባይ ፎቶግራፍ ስለዚህ ተመልካቹን ያሳስታል።

እውነተኛነትም ይጠበቅ። ዛሬ በስልክ የሌለውን ዛፍ መትከል፣ ያለውን ጭቃ መደምሰስ ይቻላል። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ለአንደበት ብቻ የተሰጠ አይደለም። የአትክልት ተራን ጭቃ ደምስሶ ያስቀረ ፎቶግራፍ፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ ጆንያ ተሸክሞ ልጆቹን ያሳደገውን ሰው ድካም ዐብሮ ደመሰሰ። ደግሞም ሰው ፈቃዱ ሳይጠየቅ አይነሣ። ሸክም ያጐበጠውን ሰው ወይም ጕሊቷ ላይ የተቀመጠችውን እናት አስቀድሞ ሰላም ማለት፣ ምክንያቱን መንገር፣ አይሆንም ካሉም ማለፍ ይገባል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ፣ በወታደር ሰፈርም ያለ ፈቃድ ማንሣት አይገባም።

በየመንደሩ ትምህርት ቤት ይህን ሥራ በጥቂት ድካም መጀመር ይቻላል። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ አንድ ድንጋይ ይመረጥ፤ መምህሩ በዚያ ድንጋይ ላይ ቆሞ በየዓመቱ አራት ጊዜ፣ በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ፣ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ የአገሩን መልክ ያንሣ። ሽማግሎች የተራራውን፣ የምንጩንና የማሳውን ስም ይንገሩ፤ ተማሪዎች ይጻፉ። ፎቶግራፉ ቢቻል በወረቀት ይታተም፤ ባይቻል ከአንድ በሚበልጥ ስፍራ ይቀመጥ። መምህሩ ቢዛወር ሥራውን ለሚተካው በመዝገብ ያስረክብ።

መምህር ብቻውን ቢያነሣ የምንጩን ስም ሳያውቅ ይቀራል፤ ሽማግሌም ብቻውን ቢናገር ቃሉ ከእርሱ ጋራ ይቀበራል። ሁለቱ በአንድ ድንጋይ አጠገብ ቢቆሙ ግን፣ ከ140 ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው የመንደሩን ምስክር ከባዕድ ወታደር ሣጥን ሳይሆን ከመንደሩ ከራሱ መዝገብ ያገኛል። ይህንም ለመፈጸም እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥ።