ማሳውን በካርታ ላይ፦ የአንዲት ነጥብ ዋጋ
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



ቀደም ሲል ቡና ገዢ የሚጠይቀው ስለ ጥራትና ስለ ዋጋ ነበር። አሁን ግን ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነም ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገባም። የደንቡ ተፈጻሚነት ከአንድ ጊዜ በላይ የተራዘመ ቢሆንም፣ ማሳን የመመዝገቡ ሥራ በአንድ የለቀማ ወቅት የሚያልቅ አይደለም።

በደንቡ መሠረት ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ የቡና ማሳ ዙሪያው በሙሉ ይለካል። 4 ሄክታርና ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። የአብዛኛው ቡና አምራች አርሶ አደር ይዞታ ከ4 ሄክታር በታች በመሆኑ፣ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልፋት በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ ውድ ሶፍትዌር መግዛት የግድ አይደለም። አሠራራቸው ለማንም ክፍት የሆነና የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅባቸው አሉ። ፖስትጂአይኤስ እንደ ጎተራ ነው፤ የማሳዎቹን ነጥብና ወሰን ከአባሉ መለያ ቁጥር ጋር ያስቀምጣል። ጂኦሰርቨር እንደ ንብረት ክፍል ሠራተኛ የተጠየቀውን ከጎተራው አውጥቶ ያቀብላል። ሊፍሌት ወይም ኦፕንሌየርስ ደግሞ የተቀበለውን በካርታ መልክ ይዘረጋል። መንገዱንና ወንዙን ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ኦፕንስትሪትማፕ ያገለግላል። ተመልካቹ ምንም መጫን ሳያስፈልገው፣ ኢንተርኔት በሚከፍትበት ብሮውዘር ካርታውን በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ያያል። እርግጥ ነው፣ ሰርቨር፣ ኢንተርኔትና የሠለጠነ ሰው ወጪ አላቸው።

ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ የተሰጠውን ያሳያል እንጂ እውነቱን አያውቅም። ለምሳሌ ጅማ ከተማ በሰሜን 7.67፣ በምሥራቅ 36.83 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ሰሜኑ ቀድሞ ነው፤ ጂኦጄሰን የሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ግን ምሥራቁን ያስቀድማል። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ከተለዋወጡ የጅማው ማሳ በሰሜን ምሥራቅ አልጄሪያ፣ አናባ ከተማ አካባቢ ይወድቃል። ይህ ስሕተት የሚያስቅ ስለሆነ ቶሎ ይታያል።

አስቸጋሪው የማያስቀው ነው። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለ የልኬት መነሻ ሲሆን፣ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ነው። ሁለቱ ሳይለወጡ ከተደባለቁ ማሳው ካለበት ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል። ያች ነጥብ ሌላ ሰው በቅርቡ በመነጠረው ደን ላይ ካረፈች፣ አንድም ዛፍ ያልቆረጠ አባል ቡናው ውድቅ ሊሆንበት ይችላል።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ መረጃው ለገዢ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱ አባል በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ማሳውን በካርታው ላይ ይመልከት፤ ከወንዙ፣ ከመንገዱና ከአዋሳኞቹ ጋር አስተያይቶ "ይህ የእኔ ነው" ወይም "አይደለም" ይበል። ሁለተኛ፣ የአባላት የመሬት መረጃ ለማንም የሚበተን ስላልሆነ፣ ካርታው በይለፍ ቃል ይጠበቅ፤ ባለቤትነቱም የዩኒየኑ ይሁን። ሦስተኛ፣ የወረዳው የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች ነጥቡን ከይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ጋር በማመሳከር ይተባበሩ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ተጣድፎ የተሞላ ካርታ ዳግመኛ ማሳ ለማሳ ያስዞራል። በጥንቃቄ የተሠራው ግን አባሉ የገዛ ቡናውን የሚመሰክርበት ሰነድ ይሆነዋል።

መልካም በዓል!